ስለ ተሰወረ ኀዘንና ስለ ተገለጠ ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በበዓለ ኢዮቤልዩ ጊዜ የደብርን ክብር መናገር፥ ያሠሩትን ነገሥታትና ያገለገሉትን አባቶች ማመስገን የተለመደ ነው፤ የተገባም ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ለደስታ ቀን ብቻ አይደለም። በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ እልል እያሉ የገቡትን ያህል እያለቀሱ የገቡም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ስለ ኀዘን፥ በቤተ ሰብ መካከል ስለሚሰወር ምስጢርና ከኀዘን በኋላ ስለሚመጣ አዲስ ፍቅር ይሆናል። ምሳሌውም ከሩቅ አገር አይፈለግም፤ በዚሁ ደብር ዘውድ ከጫኑት ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሕይወት ይወሰዳል።

ይህ ደብር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለተገኘው ድል መታሰቢያ እንዲሆን ዐፄ ምኒልክ የተከሉት መሆኑን የማያውቅ የለም። በቀድሞ ዘመን የከተማው ትልቅ ገበያ በአጠገቡ ይቆም ነበረ። ገበያውን ጣልያኖች ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት፤ ለሰፈሩም ፒያሳ የሚለውን ስም ትተውለት ሄዱ። በዚያ በገበያው ዘመን ባላገሩ እህሉንና ቅቤውን ይዞ ሲመጣ ወሬውንም ይዞ ይመጣ ነበረ፤ ሲመለስም የከተማውን ወሬ ይዞ ይሄድ ነበረ። ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንደ ተሾመ፥ ማን እንዳገባ በአራዳ ይሰማ ነበረ። ነገር ግን በአራዳ ለብዙ ጊዜ በአዋጅ ያልተሰማ አንድ ታላቅ ሞት አለ። ወደ እርሱ ከመድረስ አስቀድሞ ግን የሴት ልጃቸውን ነገር ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል።

ወይዘሮ ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ምኒልክ በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ እናታቸውም የወሎ መኳንንት ወገን ናቸው። አባትና እናት ስለ ተለያዩ ሕፃኒቱ ያደጉት በአባታቸው ቤት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በ1875 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ዕርቃቸውን ለማጽናት ልጆቻቸውን አጋቡ፤ ዘውዲቱም ለራስ አርአያ ሥላሴ ዮሐንስ ተዳሩ። ስድስት ዓመት ያልፋል ሳይባል፥ በ1880 ዓ.ም.፥ ባላቸው በመቀሌ በፈንጣጣ በሽታ ሞቱ። ልጅም አልወለዱም። እንግዲህ ዘውዲቱ ገና በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው የባል ኀዘን ለበሱ።

በዚያ ወራት በዐፄ ዮሐንስና በንጉሥ ምኒልክ መካከል ቅሬታ ነበረ። ቢሆንም ዐፄ ዮሐንስ ምራታቸውን በቂም አልያዙአቸውም፤ ብዙ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ ሸዋ ሰደዱአቸው። ልጁ የሞተበት አባት የልጁን ሚስት እንዲህ አድርጎ ሲያሰናብት፥ ኀዘኑ የሁለቱም መሆኑን መመስከሩ ነው። ይህ የመጀመሪያው ኀዘን እጅግ መራራ ነበረ፤ ግን የተገለጠ ኀዘን ነበረ። ሟቹ ማን እንደ ሆነ ታውቆአል፤ ኀዘንተኛይቱም ማን እንደ ሆነች ታውቆአል። የተገለጠ ኀዘን ቍስሉ ለአየር የተከፈተ ነውና በጊዜው ይደርቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ አግብተው ጋብቻው ሳይጸና ቀረ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ግን ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። ይህም ጋብቻ እንደ ፊተኛው የመንግሥት ምክር ያለበት ነበረ፤ የአባትን ቤትና የእንጀራ እናትን ወገን የሚያስተሳስር ነበረና። ሆኖም በምክር የተጀመረ ጋብቻ ሁሉ ፍቅር የሌለው አይደለም። የገበሬ ልጆችም ቢሆኑ ሽማግሌ ተልኮ፥ ጥሎሽ ተቈጥሮ፥ ሳይተያዩ ይጋቡ ነበረ፤ ከዚያም በአንድ ጎጆ ጢስ፥ በአንድ ማዕድ፥ በበሽታና በጤና ፍቅራቸው እንደ ዘር ቀስ ብሎ ይበቅል ነበረ። ዘውዲቱና ጉግሣም ዘውዱ እስኪለያቸው ድረስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ባልና ሚስት ሆነው ኖሩ። ከልጅነት ኀዘን በኋላ ጸንቶ የቆየ ቤት ያገኙት በዚህ ጋብቻ ነው።

አሁን ወደ ተሰወረው ሞት እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ በበሽታ ተይዘው ከቆዩ በኋላ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ደዌው ስለ ጸናባቸው መናገርና መሥራት ተሳናቸው። እቴጌ ጣይቱ ያስታምሙአቸው ነበረ፤ ልጃቸው ዘውዲቱም ከአልጋቸው አጠገብ አልራቁም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐረፉ። ዕረፍታቸው ግን በአዋጅ አልተነገረም። ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ያለ ሥነ ሥርዓት ተቀመጠ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲወጡ ተደረገ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱም ከከተማ ወጥተው በፋሌ ባላገር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ምእመናን ሆይ፥ ይህን ነገር በልባችሁ መዝኑት። የዓድዋን ድል ያገኘ ንጉሥ ሞቶ ነጋሪት አልተጐሰመም፤ ፈረሱ ተሸልሞ በሰልፍ አልተሳበም፤ አልቃሽ አልቆመም፤ መኳንንቱ ደረታቸውን አልደቁም። ለማንኛውም ድኻ ገበሬ የሚደረገው ለንጉሠ ነገሥቱ ቀረ። ሚስቲቱ በእንጦጦ ተራራ፥ ልጂቱ በፋሌ፥ ሁለቱም ኀዘናቸውን ይዘው ተለያዩ፤ አብረው ሊያስታምሙ የተፈቀደላቸው አብረው ሊያለቅሱ አልተፈቀደላቸውም። ነገሩ የተሰወረው መንግሥት እንዳይናወጥ ተብሎ ነው። ግን ምን ተጠቀሙበት? ልጅ ኢያሱ የአያታቸው ሞት ሳይታወጅ፥ ዘውድም ሳይጭኑ፥ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ከሥልጣን ተሻሩ። ያልተለቀሰለት ሞት ለወራሹም ጽኑ መሠረት አልሆነውም።

በዚያው ቀን ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ ራስ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ሆኑ። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በዚህ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ማቴዎስ ቀብተው ዘውድ ጫኑላቸው። በዚያ ቀን በአራዳ የተሰበሰበ ሕዝብ ዘውዱን አየ፤ ለዘውዱ የተከፈለውን ዋጋ ግን ሁሉ አላየም። መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ዘመዶች ኀይል እንዳይበረታ ስለ ፈሩ ንግሥቲቱ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ እንዲለያዩ ፈርደው ነበረ። ራስ ጉግሣም የበጌምድር ገዥ ሆነው በሩቅ ተቀመጡ። ባልና ሚስት ሳይጣሉ፥ ሞትም ሳይለያቸው፥ የመንግሥት ምክር ለያቸው። ከሞት የመጣ መለየት ፍትሐት አለው፥ ተዝካር አለው፥ የሚያጽናና ጎረቤት አለው። እንዲህ ያለው መለየት ግን ስም የለውምና ማንም መጥቶ አያጽናናበትም።

ንግሥቲቱ ለአባታቸው የቀረውን ግን አልረሱም። በዘመነ መንግሥታቸው የታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የዐፄ ምኒልክም ዐፅም ከተሰወረበት ወጥቶ በዚያ በክብር ዐረፈ። በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ያረፉት የእቴጌ ጣይቱ ዐፅምም ኋላ ከባላቸው አጠገብ ሆነ። ያ ሕንፃ ለተመልካች ጌጥ ነው፤ ለንግሥቲቱ ግን የዘገየ ለቅሶ ነበረ። በ1906 ዓ.ም. በጓዳ የታፈነው እንባ በድንጋይ ተሠርቶ በአደባባይ ቆመ። እንግዲህ ኀዘንን መግለጥ ቢዘገይም ከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የባላቸው ነገር ግን መፍትሔ ሳያገኝ ቀረ። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሡ። ንግሥቲቱ ጦርነቱን እንዲተዉ ደጋግመው አዘዙአቸው፤ አልሆነም። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም በተደረገው ውጊያ አውሮፕላን በላያቸው ዞረ፤ ራስ ጉግሣም በዚያ ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፥ መጋቢት 24፥ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፥ አስቀድሞ ታመው የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ስለ ሞታቸው ብዙ ወሬ ተወራ። አንዳንዱ የባላቸውን መርዶ ሰምተው ነው አለ፤ አንዳንዱ ሳይሰሙ ነው አለ። የተረጋገጠው ይህ ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተለያይተው የኖሩትን ባልና ሚስት ሞት በሁለት ቀን ልዩነት ወሰዳቸው። ዛሬ በበአታ ምድር ቤት የአባት፥ የእንጀራ እናትና የልጅ መቃብር በአንድነት ይታያል፤ የባል መቃብር ግን በዚያ የለም።

እነሆ፥ በአንድ ሰው ሕይወት ሦስት ዓይነት ኀዘን ታየ። የመጀመሪያው ተገልጦ የተለቀሰ ነው፤ ከእርሱም በኋላ አዲስ ፍቅር መጣ። ሁለተኛው ተሰውሮ የቆየ ነው፤ እስኪገለጥ ድረስ ዕረፍት አልሰጠም። ሦስተኛው ከቶ ስም ያላገኘ ነው፤ እርሱም እስከ መቃብር ተከተለ።

ይህ ነገር የቤተ መንግሥት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ይህ ደብር ራሱ ያውቀዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ሲጀምሩ ይህ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጥሎአል። በእነዚያ ቀናት ብዙ ቤተ ሰብ የሟቹን ሬሳ ሳያገኝ፥ አፈር ሳያለብስ ቀረ፤ ጮኾ ማልቀስም የሚያስገድል ነበረ። ከነጻነት በኋላ የሰማዕታቱ መታሰቢያ በአደባባይ መቆሙና በየዓመቱ መታሰቡ በፍርሃት የታፈነው ለቅሶ እንዲወጣ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው፥ እኛ ደግሞ መርዶን እንሰውር የለምን? ይል ይሆናል። እውነት ነው። በአገራችን ሥርዓት ሞት በድንገት ለኀዘንተኛ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፥ ሽማግሌ ይመረጣል፥ ኀዘንተኛው እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል፤ ከዚያም ማለዳ ሳይነጋ ደጁ ይንኳኳል። ይህ ጥበብ ነው። ነገር ግን የዚህ ምስጢርና የ1906 ዓ.ም. ምስጢር አንድ አይደሉም። መርዶ የሚቆየው ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ፥ ለእርሱ ሲባል ነው። የቤተ መንግሥቱ ምስጢር ግን የተሰወረው ለኀዘንተኞቹ ሲባል አይደለም፤ እነርሱስ እያወቁ አዝነው እንዳያለቅሱ ሆኑ። ስለዚህ በማንኛውም ቤት የሞት ምስጢር ሲያዝ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ምስጢር የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚያዝነውን ነውን? ወይስ መናገር የሚያስፈራውን?

ይህን ጥያቄ ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ ሊጠይቀው ይገባል። በባዕድ አገር የሚኖር ልጅ፥ እናቱ ከሞተች ወራት አልፎ ሳለ፥ ሰላም ናት እየተባለ ገንዘብ ይልክላታል። ዘመዶቹ ብቻውን ነው፥ የሚያጽናናው የለም ብለው ስለሚራሩለት ነው። ርኅራኄው መልካም ነው፤ ግን ሲረዝም ይጐዳል። ልጁ የአርባዋን ተዝካር ሳያወጣ፥ በጸሎትዋ ሳይቆም ያልፈዋል፤ ኋላም ሲሰማ በሞቱ ላይ ሌላ ኀዘን ይጨመርበታል፤ ይኸውም ያታለሉት የሚወዳቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ወሬ በስልክ ከሽማግሌው እግር ይልቅ ይፈጥናል፤ መርዶውን ባልታሰበ ሰው እጅ፥ በሥራ መካከል ያገኘዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ያለውን ካህንና ወዳጅ ፈልጎ፥ ተሰብስበው እንዲነግሩት ማድረግ ይሻላል። ሥርዓቱ እንዲዘገይ ያዘዘው እስኪሰበሰቡ ድረስ ነው እንጂ እስኪረሳ ድረስ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ስለ አዲስ ፍቅር ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ባል የሞተባትን ሴት ወይም ሚስት የሞተችበትን ወንድ ዳግመኛ እንዳያገባ አትከለክልም። ሰዎች ግን ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ይከብዳሉ። መበለት ስታገባ፥ አፈሩ ሳይደርቅ ይሉአታል፤ ሳታገባ ብትቀር ደግሞ ያሙአታል። ከዚህም ፍርሃት የተነሣ አዲሱ ፍቅር በስውር ይጀመራል። የሟቹ ሥዕል ከግድግዳ ይወርዳል፤ ስሙ በቤት አይጠራም፤ ልጆቹም ስለ አባታቸው ሲጠይቁ ዝም ይባላሉ። አንዳንድ ቤትም ልጁ የእንጀራ አባቱን ወላጅ አባቴ ነው ብሎ ያድግና እውነቱን ከጎረቤት አፍ ይሰማል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በመጽሐፈ ሩት አለ። ኑኃሚን በሞዓብ ምድር ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን ቀበረች። ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ ኀዘንዋን አልሸሸገችም፤ ሰዎች በመራራነትዋ ስም እንዲጠሩአት ነገረቻቸው እንጂ። ምራትዋም ሩት በገብስ አጨዳ ወራት ቃርሚያ ልትለቅም ወጣች፤ በባላገር እርሻ፥ በአጫጆች መካከል፥ ከቦዔዝ ጋር ተገናኘች። በአውድማው ሌሊት ቦዔዝ መምጣትዋን ማንም እንዳያውቅ አደረገ፤ ይህ ምስጢር ለርስዋ ክብር ነበረ፥ ዕድሜውም አንድ ሌሊት ነበረ። ሲነጋ ግን በከተማው በር ተቀምጦ ሽማግሌዎችን ሰበሰበ፤ በሁሉም ፊት ሩትን ማግባቱን፥ የሟቹም ስም ከርስቱና ከወንድሞቹ መካከል እንዳይጠፋ ማድረጉን አስታወቀ። አዲሱ ባል የፊተኛውን ባል ስም በአደባባይ ጠራ! ከዚያም ጋብቻ ኢዮቤድ ተወለደ፥ ከእርሱም ዘር ንጉሥ ዳዊት መጣ። እንግዲህ አዲስ ፍቅር የሚጸናው የፊተኛውን መቃብር በመደበቅ አይደለም፤ ስሙን በማክበር ነው እንጂ።

ስለዚህ፥ የነፍስ አባቶች ሆይ፥ ፍትሐቱንና ሠልስቱን፥ አርባውንና ሰማንያውን፥ ሙት ዓመቱንም ስትፈጽሙ የሚጠበቀው የሟቹ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ የቀሪውም ልብ ነው። በቤቱ የተሰወረ ኀዘን እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁና በንስሐ ጊዜ በቀስታ ጠይቁ። የዕድር ሹማምንት ሆይ፥ በ2016 ዓ.ም. የአራዳና የፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ጎረቤት ከጎረቤት በሩቅ ሰፈር ተለያይቶአል። ድንኳኑን ብቻ ሳይሆን ለቀስተኛውንም ፈልጋችሁ አድርሱ፤ ሩቅ ሰፈር የሄደ ኀዘንተኛ ብቻውን እንዳያለቅስ። ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችሁ በዕድሜያቸው መጠን እውነቱን ንገሩአቸው። መበለቶች ሆይ፥ እግዚአብሔር አዲስ ቤት ቢሰጣችሁ አትፈሩ፤ እናንተም ዘመዶች፥ የሰጣቸውን አትንቀፉባቸው።

ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ ዘንድ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ። ትንሣኤን የሚሰጥ እርሱ እንባውን ካልሸሸገ፥ ትንሣኤን የሚጠብቅ ሰው ስለ ምን ይሸሽግ? እግዚአብሔር አምላክ ያረፉትን በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፤ የተሰወረ ኀዘን ያለባቸውን ይግለጥላቸው፥ ያጽናናቸው፤ ከኀዘን በኋላ የመጣውንም ፍቅር ይባርክ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎትና ረድኤት ከደብሩ ሕዝብ ሁሉ ጋር ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።